ርካሹን መላጊያ መግዛት ሌብነት ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጋራዤ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቦታ አለችኝ። ሊ-ኒልሰን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራውን አራት ቁጥር መላጊያ ልገዛ ፈልጌ ዋጋው አስደነገጠኝ፤ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ቻይና የተሠራ፣ ወድሪቨር የሚባል፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል መላጊያ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ገደማ አገኘሁ። ጓደኛዬ ግን ‹የሰው ፈጠራ ሰርቀው ነው የሠሩት፤ ከገዛኸው አንተም ተባባሪ ነህ› አለኝ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ወንድሜ ‹ኦሪጂናል የማኪታ ግራይንደር በጣም በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ብር ላክልኝ› ይለኛል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው? ምን ላድርግ?»

አንድ አይደሉም። ጓደኛዎ «ስርቆት ነው» ያለው መላጊያ በሕግ ንጹሕ ነው። ወንድምዎ «ኦሪጂናል ነው» ያለው ግራይንደር ግን፣ ዋጋው እንዳሉት የወረደ ከሆነ፣ በጣም ያሳስበኛል።

ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚፈርድ ነው። የመጀመሪያው የጥበቃ ዘመኑ ያለቀ ዲዛይን ወስዶ በራስ ስም መሥራት ነው። ይሄ የተፈቀደ ነው። ሁለተኛው መብቱ ገና በሕይወት ያለ ፈጠራን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሥራት ነው። ይሄ መብት መጣስ ነው፤ ፍርድ ቤት ምርቱን ያስቆማል፣ ካሳም ያስከፍላል። ሦስተኛው የሌላ ሰው ስም ለጥፎ መሸጥ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው፤ አሜሪካም ኢትዮጵያም በወንጀል ያስጠይቃል። የእርስዎ መላጊያ የሚመደበው ከመጀመሪያው ነው። የወንድምዎ ግራይንደር ከሦስተኛው ሊሆን ይችላል።

ከመላጊያው ልጀምር። (ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጓደኛዎ ሊ-ኒልሰን ይህን ቅርጽ የፈጠረው መስሎታል። አልፈጠረውም። ዛሬ የምናውቀው የብረት መላጊያ፣ ከስለቱ በስተኋላ ባለች ትንሽ መዘውር ጥልቀቱ የሚስተካከለው፣ የሊዮናርድ ቤይሊ ሥራ ነው። ቤይሊ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረ አሜሪካዊ ነው። ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ አምራች በ1869 የቤይሊን ሥራ ከነፓተንቶቹ ገዛ፤ ፓተንት ማለት አንድን ፈጠራ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ለተወሰነ ዘመን የሚከለክል መብት ነው። በ1895 ደግሞ ጀስተስ ትራውት የተባለ የስታንሊ ሰው ሌላ ፓተንት አወጣ። ስለቱን የሚሸከመው ድጋፍ ከመላጊያው አካል ጋር በሰፊው ገጥሞ እንዲያርፍ ያደረገው እሱ ነው። ድጋፉ ሰፋ ብሎ ሲያርፍ ስለቱ ጠንካራ እንጨት ላይ አይንቀጠቀጥም። ስታንሊ ይህንን ቤድሮክ ብሎ ሸጠው።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። ስለዚህ የ1895ቱ መብት በ1912 አበቃ። ስታንሊ በኋላ የጨመራቸው ማሻሻያዎችም ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል። ስታንሊ ራሱ በ1940ዎቹ ቤድሮክን ማምረት አቆመ።

ቶማስ ሊ-ኒልሰን ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ሥራውን የጀመረው በ1981 ነው። የጀመረውም ስታንሊ መሥራት ባቆማቸው መላጊያዎች ነው። የድሮውን ዲዛይን ወስዶ ነሐስ ተጠቀመ፣ ሲወድቅ በቀላሉ የማይሰነጠቅ ብረት ተጠቀመ፣ ስለቱን አወፈረ፣ አሠራሩን አጠራ። አራት ቁጥሩ የቤድሮክ ልጅ ነው። ይህንን የምለው ሊ-ኒልሰንን ለማሳነስ አይደለም። የሞተ ዕቃ አንስቶ ከድሮው የተሻለ አድርጎ መልሷል፤ ለዚህ ትልቅ ክብር አለኝ። ነገር ግን እሱ ከስታንሊ መውሰዱ ሌብነት ካልሆነ፣ ሌላው ያንኑ ቤድሮክ በራሱ ስም መሥራቱ ሌብነት ሊሆን አይችልም። ወድሪቨር ላይ የተጻፈው ወድሪቨር ነው። ሻጩ ዉድክራፍት የታወቀ ሱቅ ነው። ቻይና መሠራቱንም አይደብቅም። ማንም ሰው ሊ-ኒልሰን የገዛ መስሎት ከሱቁ አይወጣም።

«መልኩስ?» ይባላል። መልክ ራሱን የቻለ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፣ ግን ገደብ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ትራፊክስ በተባለ ኩባንያ ጉዳይ ላይ ግልጽ አድርጎታል። የክርክሩ መነሻ ነፋስ እንዳይጥለው በሁለት ስፕሪንግ የቆመ የመንገድ ምልክት ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ቅርጽ ቀድሞ ፓተንት ወጥቶለት ከነበረ፣ ቅርጹ ለአሠራር የሚጠቅም ለመሆኑ ያ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ለአሠራር የሚጠቅም ቅርጽ ደግሞ «የእኔ መለያ ነው» ተብሎ ለዘላለም አይያዝም። የመላጊያ መዘውር፣ ድጋፍ፣ የእጀታው መታጠፍ ሁሉም ለሥራ የተበጁ ናቸው። የሚጠበቀው ለሥራው የማያስፈልግ፣ ሰው አይቶ «ይሄ የእገሌ ነው» የሚልበት ነገር ነው። ቀለም እንኳ በዚህ መንገድ የንግድ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያው ፍርድ ቤት በ1995 ወስኗል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለድሮ ዲዛይን ነው። ለአዲሱ ሕጉ ሌላ ነው።

ሶውስቶፕ የሚባለውን የጠረጴዛ መጋዝ ያውቁት ይሆናል። ስቲቭ ጋስ የተባለ ፊዚክስ የተማረ የፓተንት ጠበቃ በ1999 ነው ሐሳቡን የሠራው። ጣት የሚሽከረከረውን ስለት ሲነካ መሣሪያው በኤሌክትሪክ ምልክት ያውቃል። ወዲያው አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ጥርሱ ላይ ይሰነቀርና ስለቱን ከ5 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቆመዋል። ጣት ሊቆረጥ የነበረበት አደጋ በትንሽ ጭረት ያልፋል። ቦሽ ቆይቶ ሪአክስ የሚባል መጋዝ አወጣ። የቦሹ ስለቱን ነክሶ አያቆምም፤ ወደ ታች ይጥለዋል፤ ስለቱም አይበላሽም። ብዙ ሰው «መንገዱ የተለየ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ነበር። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ግን በ2017 ቦሽ ሁለት የሶውስቶፕ ፓተንቶችን ጥሷል ብሎ ወሰነ። መጋዙ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ፣ ከገበያም ወጣ።

ከዚህ ጉዳይ ሦስት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ መብት የሚጥስ ርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቦሽ ርካሽም ስም የለሽም አይደለም። ሁለተኛ፣ የተለየ መልክ ከፓተንት አያድንም። ፓተንት የሚጠብቀው ሐሳቡ የሚሠራበትን መንገድ ነው፤ ያውም ሰነዱ ላይ በተጻፈው ልክ። ሦስተኛ፣ «ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ነፃ ነው» የሚለው ሂሳብ አደገኛ ነው። በዛሬው ሕግ ፓተንት በመደበኛነት ማመልከቻው ከገባበት ቀን 20 ዓመት ይቆያል፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ በርካታ ፓተንት ሊኖረው ይችላል፣ የአንዱ ዘመን ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ሶውስቶፕ በ2024 «የአሜሪካ መንግሥት ደንብ በሁሉም የጠረጴዛ መጋዞች ላይ ይህን ዓይነት መከላከያ ግዴታ ካደረገ አንዱን ቁልፍ ፓተንቴን ለሕዝብ እለቃለሁ» ማለቱ ራሱ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶም የቀረ መብት እንደነበረው ያሳያል።

«ተባባሪ ነህ» ስለሚለው። ብዙ ሰው ገዢን ምንም አያገባውም ይላል። ትክክል አይደለም። በአሜሪካ ሕግ በፓተንት የተጠበቀን ነገር ያለ ፈቃድ መሥራትና መሸጥ ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ጥሰት ነው። በተግባር ግን ክሱ የሚያነጣጥረው አምራቹ፣ አስመጪውና ሻጩ ላይ ነው። ጋራዡ ውስጥ ወንበር የሚሠራን ሰው ማንም አያሳድደውም። ከውጭ በፖስታ አዝዘው የሐሰት የንግድ ምልክት ያለበት ዕቃ ከመጣ ግን ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል፤ የከፈሉት ገንዘብም አብሮ ይሄዳል።

ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ደግ ሥራ ነው አልልም። እዚህ ላይ ጓደኛዎ የተሰማው ስሜት ትክክለኛ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ቤድሮክ አይደለም። አሁን በሕይወት ያለ ባለሙያ፣ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር፣ አዲስ ምልክት ማድረጊያ ወይም አዲስ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አሰበ እንበል። ደጋግሞ ሠርቶ፣ ጥሎ፣ እንደገና ሠርቶ ጨረሰው። አንድ ፋብሪካ አንዱን ገዝቶ ፈታታው፣ ለካው፣ በጥቂት ወር ውስጥ በሩብ ዋጋ ገበያውን አጥለቀለቀው። ሰውየው ፓተንት ባይኖረው ምናልባት በሕግ የሚጠይቅበት የለም። ቢኖረውም የአሜሪካ የፓተንት ክርክር ብዙ ጊዜ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል። ትንሽ ወርክሾፕ ያንን አይችልም። ስለዚህ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩም መሣሪያ ሳይሠራ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ኮፒ አልገዛም፤ እርስዎም እንዳይገዙ እመክራለሁ። አቅም ከሌለ ያለ እሱ መሥራት ይቻላል። ሰው በእንጨት ስኳድራና በሹል ቢላዋ ለዘመናት ቤት ሙሉ ዕቃ ሠርቷል።

አሁን ወደ ግማሽ ዋጋው። ሊ-ኒልሰን ዋጋው የጨመረው ለስም ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ደመወዝ አለበት፣ ጥንቃቄ ያለበት የማሽን ሥራ አለበት፣ ከካርቶን ወጥቶ ስለቱ በትንሹ ከተሳለ ሥራ ይጀምራል፣ ሲሸጡትም ዋጋው ብዙ አይወድቅም። በርካሹ ላይ የሚቀንሰው ብዙውን ጊዜ ወጥነት ነው። አንዱ ግሩም ይሆናል፣ ጎኑ የነበረው ደግሞ ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ሲደርስዎ እንዲህ ይፈትሹት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ የመላጊያው ሆድ ላይ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ ያሳርፉና ከኋላው መብራት ያብሩ። በመሃል ሰፊ ብርሃን ከታየ ሆዱ ጎድጓዳ ነው። ቀጥሎ ስለቱን ከላዩ ከሚታሰረው ብረት ጋር አጥብቀው እንዳለ ወደ መስኮት ያቅኑት። በሁለቱ ጫፍ መካከል ቀጭን የብርሃን ክር ከገባ፣ ፍቅፋቂው እዚያች ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል፤ መላጊያውም አፉ ይታፈናል። ይሄኛው በመሳል ይድናል። የሆዱ ጉድጓድ ግን የሚመለስ ዕቃ ምልክት ነው። መዘውሯንም ወዲያና ወዲህ ያዙሯት። ስለቱ ሳይንቀሳቀስ ትንሽ ባዶ ብትዞር ጤና ነው፤ ብዙ የምትዞር ከሆነ ያናድዳል እንጂ እንጨቱን አያበላሽም።

ሦስተኛም ምርጫ አለ፣ ጓደኛዎም የማይከራከርበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ያገለገለ ስታንሊ። እርስዎ ባሉበት አካባቢ የጓሮ ሽያጭና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ከወድሪቨሩም ይረክሳል። ዝገቱን ማስለቀቅና ስለቱን መሳል ግን ቅዳሜን ይበላል። ስለት መሳል ገና ካልለመዱ በእሱ አይጀምሩ።

ግራይንደሩ ላይ ደርሰናል። መጀመሪያ አንድ ስህተት ላርም። ማኪታ ላይ «ቻይና የተሠራ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ የፎርጅድ ምልክት አይደለም። ማኪታ በ1915 ናጎያ ውስጥ የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ በ1958 በጃፓን የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መላጊያ ያወጣው እሱ ነው። ዛሬ ግን ቻይናን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ፋብሪካ አለው። አንድ ዕቃ ኦሪጂናል የሚሆነው በተሠራበት አገር ሳይሆን ባለስሙ ራሱ ወይም የፈቀደለት ስለሠራው ነው።

የሐሰተኛው አደጋ የማኪታ ኩባንያ ትርፍ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላሳስብዎትም ነበር። የሚጎዳው የሚይዘው ሰው ነው። የ115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። ለዚህ መጠን የሚሠራ የመቁረጫ ዲስክ የሚፈቀድለት ጫፉ በሰከንድ 80 ሜትር እስኪጓዝ ነው፤ ይህም በደቂቃ 13,300 ዙር ያህል ማለት ነው። ስለዚህ በመደበኛው ፍጥነትና በአደጋው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ አይደለም። ሞተሩ ከተጻፈበት በላይ ቢፈጥን፣ ወይም መከላከያ ቆቡ ስስ ቢሆን፣ ወይም ዲስኩም እንደ ማሽኑ ሐሰተኛ ቢሆን፣ የሚፈነጠረው ስብርባሪ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ሌላም አለ። በሞተሩ ውስጥ በመዳብ ፈንታ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ከገባ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። የእንጨት ሥራ ቤት ደግሞ አቧራና ፍቅፋቂ የሞላበት ነው። ከሞተሩ ካርቦን የሚወጣ ብልጭታ እዚያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ወንድምዎ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ፎርጅዱን በዓይን መለየት ይቻላል? አንዳንዴ። የስም ሰሌዳው ጽሑፍ ፊደሉ ወፈር ቀጠን ይላል፤ የሞዴል ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ገመዱ ደረቅ ነው፤ ማሽኑ ሲያዝ ይቀልላል። ነገር ግን ጥሩ አስመሳይ ይህንን ሁሉ አስተካክሎ ይሠራል፣ ተለጣፊውንም ቁጥሩንም ይገለብጣል። ስለዚህ ምልክቶቹ ሐሰተኛ መሆኑን ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ እውነተኛ መሆኑን ግን አያረጋግጡልዎትም። የሚታመነው የሽያጩ ሰንሰለት ነው። ሻጩ ከማን ገዛ? ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል? የዋስትና ወረቀት አለ? ቢበላሽ መለዋወጫ የት ይገኛል?

ሕጉ እስከ ምን ድረስ ይረዳል? በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ይህ መብት ግን የባለምልክቱ ነው፤ ወንድምዎ በማኪታ ስም መክሰስ አይችልም። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው እንጂ ለማምረቻ የሚገዛውን አይደለም። የእንጨት ሥራ ቤት ከዚህ ትርጉም ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ የሚቀረው በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ውል ላይ ተመሥርቶ ሻጩን መጠየቅ ነው። ለዚያ ደግሞ የዕቃው ስም፣ ሞዴልና ዋጋ በግልጽ የሰፈረበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሰጡትን ብር ማንም አያስመልስልዎትም።

ወንድምዎ የሚጠቀምበት ሌላ በር ግን አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ፓተንት በየአገሩ ነው የሚሠራው። አሜሪካ ብቻ የተመዘገበ ፈጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥበቃ የለውም። የፓተንት ሰነዶች ደግሞ ከነሥዕላቸው በነፃ ይገኛሉ። የቤይሊንና የትራውትን ሥዕል አውርዶ፣ ብረት ሠራተኛ ይዞ፣ መላጊያም ሆነ ማሰሪያ ሠርቶ በራሱ ስም ቢሸጥ ማንንም አልሰረቀም። በሕይወት ያለ የአሜሪካ መብት ያለበትን ዕቃ ሠርቶ ወደ አሜሪካ መላክ ግን አይችልም። የራሱ አዲስ ማሻሻያ ካለው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987 «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለው ጥበቃ አለ፤ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ነገሩ አዲስ መሆን ስላለበት ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ማመልከት ይሻለዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። ወድሪቨሩን ይግዙ፣ ያለ አንዳች ጸጸት። መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ይሁን፤ ሲደርስ በዚያው ሳምንት በማስመሪያና በመብራት ይፈትሹት፣ ሆዱ ጎድጓዳ ከሆነ ይመልሱት። አቅም ሲኖር ሊ-ኒልሰኑን ለጥራቱ ሲሉ ይግዙት። የአንድ ትንሽ ባለሙያ አዲስ መሣሪያ ተኮርጆ ካዩ ይተዉት።

ለወንድምዎ ግን ዛሬ ብር አይላኩ። መጀመሪያ የስም ሰሌዳውን፣ የካርቶኑንና የሻጩን የደረሰኝ ናሙና ፎቶ ይላክልዎ። የሞዴል ቁጥሩን ከማኪታ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ሻጩ ደረሰኝ ላይ «ማኪታ» ብሎ ከነሞዴሉ ለመጻፍ ካንገራገረ ነገሩ አልቋል። በዚያው ብር የራሱን ስም የያዘ፣ ዋስትናና መለዋወጫ ያለው፣ ብዙም ያልታወቀ ግራይንደር ቢገዛ ይሻለዋል። ከገዛም በኋላ መከላከያ ቆቡን እንዳያወልቅ፣ ዲስኩንም ላዩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከማሽኑ የሚበልጥ መሆኑን አይቶ እንዲገዛ ይንገሩት።